ግብሩስ ሕግ አለው፣ ሂሳቡስ?

ለአዘጋጁ፦ የደመወዝ ግብር ሕጋዊ መሠረት የለውም በሚለው ጽሑፍ አልስማማም። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የፌዴራል ግብር የመጣል ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ም እዚያው የጸደቀ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ የእኛ የተቀጣሪዎች ግብር ግን ደመወዙ እጃችን ሳይገባ በአሠሪው በኩል ተቆርጦ ስለሚሄድ፣ ምን ላይ እንደዋለ የሚነግረን የለም። በዚያ ላይ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ መዋጮ፣ ለቦይ መዋጮ! ይሄኛውስ በየትኛው አዋጅ ነው? ወረዳዎች በየሦስት ወሩ የተመደበላቸውን በጀት፣ ያወጡትንና በመዋጮ የሰበሰቡትን ገንዘብ በራቸው ላይ ይለጥፉ። ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰበው ደግሞ ይቁም።

አንባቢ፣ ከየካ አባዶ