ዘበኛው ላይ የተቀባ ቀይ ቀለም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ሆኜ አነበብኩት። ደግ አድርጋችኋል። ግን ይህን ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ እንዴት እንደሚያመጣው አልነገራችሁንም። እናቶች የሚጠይቁት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንዲት ጎረቤቴ፣ «መምህር፣ ልጄ እኮ ገና 14 ዓመቷ ነው። ባል የላት፣ ምን የላት፤ የማህፀን ክትባት ምን ይሠራላታል?» አለችኝ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ደብተር ላይ ሣልኩላት።

መንገድ ሲሰፋ የሚፈርስ ቤት ቀይ ቀለም ይቀባል አይደል? ሕዋሳችንም እንዲሁ ያደርጋል። የተበላሸ ወይም ሥራው ያበቃ ፕሮቲን ላይ ዩቢኩቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለጠፋል። ርዝመቱ 76 አሚኖ አሲድ ነው። ተደራርቦ ሲለጠፍ ፕሮቲያዞም የተባለው ማፍረሻ ያየውና ይከታትፈዋል። ይህን ሥርዓት ያገኙት ቺካኖቨር፣ ኸርሽኮና ሮዝ በ2004 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። የትኛው ይቀባ ብለው የሚለዩት ላይጌዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። በሰው ሕዋስ ከ600 በላይ ዓይነት አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ያውቃል።

ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ የሕዋሱ ዘበኛ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ የሕዋሱን መባዛት ያስቆማል። ጉዳቱ ካልተጠገነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ኤችፒቪ ይህን ዘበኛ በራሱ እጅ አይገድለውም። ኢ6 የሚባለው ፕሮቲኑ፣ ዘበኛውን ነክቶ የማያውቅ አንድ ላይጌዝን እጁን ይዞ ዘበኛው ደጃፍ ያደርሰዋል። ላይጌዙም የለመደውን ይሠራል፤ ቀለሙን ይቀባል። ጤነኛው ዘበኛ ከነጎጆው ይፈርሳል። ዘበኛ ከሌለ የተጎዳው ሕዋስ ከልካይ አጥቶ ይባዛል፤ ወደ ካንሰር የሚወስደውም ይኸው ነው።

ጎረቤቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «ታዲያ ክትባቱ ቀለሙን ያጥበዋል?»

አያጥበውም። ክትባቱ ሰውነት ቫይረሱን በር ላይ እንዲይዘው ያሠለጥናል እንጂ፣ ሕዋስ ውስጥ የገባውን አያስወጣም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. ስትጀምር በ14 ዓመት ልጃገረዶች የጀመረችው ወድዳ አይደለም። በእርግጥ የተያዘች ሁሉ ካንሰር አይዛትም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጸዳዋል። አልወጣ ያለው ነው ለዓመታት ዘበኛ እያስፈረሰ የሚኖረው።

እባካችሁ «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ስትሉ ምክንያቱንም አብራችሁ ጻፉልን። እናቶቻችን ሲነገራቸው ይገባቸዋል። ሥዕሉን እልክላችኋለሁ። አሁን ጎረቤቴ ለእህቷ ላሳያት ብላ ደብተሩን ኮምቦልቻ ይዛው ሄዳለች።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ