ማስተማር ያቃተው መምህር ጉዳይ ለማን ነው የሚቀርበው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዝ መምህራን ባወጣችሁት ዘገባ፣ ልጁ በአግባቡ አልተማረልኝም የሚል ወላጅ ለመምህራን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት መክራችኋል። እዚህ ለንደን ብዙ ሐበሻ ወላጅ የእናንተን ጽሑፍ አምኖ ስለሚንቀሳቀስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በእንግሊዝ የብቃት ማነስን ጉዳይ ይመለከት የነበረው ጄኔራል ቲቺንግ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቷል። ዛሬ ያለው ቲቺንግ ሬጉሌሽን ኤጀንሲ የሚመረምረው ከባድ የሥነ ምግባር ጥሰትን ነው፤ ማስተማር ያቃተው መምህር ጉዳይ ለአሠሪው ተትቷል። በስኮትላንድና በዌልስ ግን ተቆጣጣሪዎቹ ብቃትንም ያያሉ። ይህን ለማጣራት አንድ ስልክ መደወል በበቃችሁ ነበር!

ከዚህ የባሰው ግን ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረበውን ቁጥር፣ ማለትም በ40 ዓመት ውስጥ በብቃት ማነስ ከሙያው የተሰናበቱት 18 መምህራን ብቻ መሆናቸውን፣ ለመምህራኑ ጥራት ማስረጃ ማድረጋችሁ ነው። ቁጥሩ ከትምህርት ቤት ግቢ የወጣውን ጉዳይ እንጂ የደካማ መምህራንን ብዛት አይናገርም። ያኔም ጉዳዩን የማሳወቅ ግዴታ የነበረበት አሠሪው ነው፤ አሠሪው ደግሞ ክርክሩን ሲሸሽ መምህሩ በስምምነት እንዲለቅ ያደርጋል፣ በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል የመጣውን ተተኪ መምህርም ዳግመኛ ሳይጠራው ይቀራል፣ መዝገብም አይከፈትም። ጥናት ቢደረግ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ጉዳይ ይለፍ፣ የትኛው ይቅር ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው።

ቅዳሜ አማርኛ በማስተምርበት ቦታ ለወላጆች የቅሬታ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አንዲት እናት ያመጣችልኝን የልጇን የሒሳብ ደብተር ከመስከረም እስከ ገና የመምህር እስክሪብቶ አልነካውም፤ ልጁ ክፍልፋይ ሲደምር ታችኛውንም ቁጥር አብሮ እየደመረ ገጽ ከገጽ ሞልቶታል። ትምህርት ቤቱ የሰጣት መልስ እንግሊዝኛው ስላልጠነከረ ነው የሚል ነበር፤ ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ለንደን ነው። ዘገባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ እናት አንዲት እንኳ አልተጠየቀችም፤ እኛን ሳታናግሩ እኛን መምከር ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ስለዚህ ማስተካከያውን ዘገባው በወጣበት ቦታ እንድታወጡ፣ ወላጅም ቅሬታውን በቅድሚያ ለርዕሰ መምህሩ፣ አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ደግሞ በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ እንደሚያቀርብ በግልጽ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን