ይድረስ ለአባባ፣ ስለ ጓዳው ግድግዳ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን አልጠናበትም? እኛ እዚህ አቃቂ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ ድምፄ ስለማይሰማዎት ጻፍኩት፤ እህቴ ታንብብልዎ። «ቤቱ ሊፈርስ ነው» ብላ ያስደነገጠችዎት እሷው ናት።

አልፈረሰም። የጓዳውን የቀን መቁጠሪያ ላነሳ ሚስማሩን ስነቅል ከነልስኑ መጣ። ጣቴን ብሰድ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ቋሚዎቹን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ባደርግ አንዳንዱ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ምርጊቱን ሳረግፈው ምስጡ ከመሬት ተነስቶ፣ እርሳስ የሚያክል የአፈር መሿለኪያ ሠርቶ ወጥቷል። ብርሃን ስለማይወድ ላዩን ትቶ ውስጥ ውስጡን ነው የጨረሰው። ከ11 ቋሚ 7ቱ ተበልቷል።

እርስዎ የሠሩትን ግን ምስጡ አልነካውም። የእርስዎ ክፍል የሀበሻ ጥድ ነው፤ ዛሬም ሚስማር ያጣምማል። የተበላው እኔ የቀጠልኩት ነው። «ባሕር ዛፍ ከሆነ ቅርፊቱን ልጠህ አድርቀው፣ እግሩን በእሳት ለብልበህ የተቃጠለ ዘይት ቀባው» ብለውኝ ነበር። እኔ ለሠርጌ ቸኩዬ እርጥቡን ከነቅርፊቱ ቀበርኩት። ከጣራው የሚወርደው ውሃም እዚያው ሥሩ ሲጠራቀም ነው የኖረው።

አናጢው መጀመሪያ ጣራውን በድጋፍ ያዘ። እግሩ ብቻ የተበላውን ደህናው እንጨት እስኪገኝ ቆርጦ፣ በጎኑ አዲስ ደርቦ መታው፤ ያለቀለትን ነቅሎ ቀየረ። ከሥር በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ አድርገነዋል፤ እንጨቱ ከእንግዲህ አፈር አይነካም። ለውሃውም ቦይ ቆፈርኩለት። ጎረቤታችን «ነጭ ጋዝ አፍስስበት» ሲለኝ ነበር። ምድጃ አጠገብ!

ማገሩ ተመትቶ አልቋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ግቢው ውስጥ ተከምሯል፣ ሽታው እስከ በር ይመጣል። አናጢው ሦስት ቀን ከቦካ ይበቃዋል ባይ ነው። እርስዎ ከሳምንት በታች ሲመርጉ አይቼ አላውቅም። ስንት ቀን ልተወው? ለእህቴ ይንገሯት፣ ትደውልልኛለች። እስከዚያ ማንንም አላስነካም።

ልጅዎ