ቀዮቹ ዳዶዎች

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ምን ፈልጎ ነው?» ማለትህ አይቀርም። ብድር አይደለም፣ አትደንግጥ። ስለ ዳዶ ልጽፍልህ ነው።

እነዚያን ቀያይ የአሉሚኒየም የጎማ ዳዶዎች ታስታውሳለህ? ስገዛቸው «ዓመት አይሞላቸውም» ብለህ ሳቅክብኝ፣ እኔም ተቀየምኩ። እንግዲህ ስማ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሠሩ። አንዱም ላልቶ አላስቸገረኝም።

ደህናው ዓይነት፣ 7075 የሚሉት የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ እንደምታስበው ደካማ አይደለም። ፖርሽ እንኳ 911 የሚባሉትን የድሮ መኪኖቹን ጎማዎች በአሉሚኒየም ዳዶ ያስር ነበር። ጣጣው ልስላሴው ነው። ብሎኑ ብረት፣ የዳዶው ጥርስ አሉሚኒየም፤ በተፈታና በታሰረ ቁጥር ብረቱ ትንሽ ትንሽ ይግጠዋል። አሸዋ ከገባበትማ አለቀለት። ውሃና ጨው ሲያገኛቸው ደግሞ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ነጭ ዱቄት ያወጣና ብሎኑ ላይ ሙጭጭ ይላል። ቀዩ ቀለም ላይ ላዩን ነው፣ መፍቻ ሲነካው ይላጣል።

ስለዚህ እንደ ሕፃን ያዝኳቸው። ጥርሱን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ በጣቴ አስጀምራለሁ፣ ከዚያ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ አጠብቃለሁ፣ የመኪናዬ መጽሐፍ እንደሚለው እስከ 110 ኒውተን ሜትር። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አያቸዋለሁ። ቅባት ግን አልቀባም፤ ቅባት ካለ መፍቻው 110 እያለ ዳዶው ከልክ በላይ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ጎማ ፈነዳብኝ። ቸኩዬ ስለነበር ለጎሚስታ ሰጠሁት። ሰውዬው ያለውን የአየር መፍቻ አንጣጣበት። የሦስቱ ማዕዘን ተላጠ። አራተኛው ብሎኑ ላይ ነክሶ ቀረ፤ በግድ ሲፈታ ጥርሱ እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ወጣ። አንተን ያስታወስኩት ያኔ ነው።

ለመሆኑ በክብደት ምን አተረፍኩ? ሃያውንም ሚዛን ላይ አውጥቼ ከብረቶቹ ጋር አስተያየኋቸው። ልዩነቱ ኪሎ አይሞላም። ቁርሴን ብተው ይሻለኝ ነበር!

«አትጣላቸው» ያልከኝ የብረት ዳዶዎች ኮፈን ውስጥ በካልሲ ተቋጥረው ተገኙ። ትናንት አሰርኳቸው። ከቀዮቹ 16ቱ አሁንም ደህና ናቸው፤ ና እና እያቸው። መሳቅም ትችላለህ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ወንድምህ