ሞንታርቦውን የምጠግነው እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ዓምድ አንድ ጸሐፊ «የሙዚቃ መሣሪያ ከክርስቲያን አምልኮ ይውጣ» የሚል ደብዳቤ አስነብበውን ነበር። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ጋዜጣውን የዘረጋሁት ለጥገና የመጣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ ላይ ነበር።

ለጸሐፊው ነው የምመልሰው። ድሬ ተገናኝተን ቢሆን ኖሮ «አንተ» ነበር የምልዎት። እዚህ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፤ ማንም አይቀየምም። ጋዜጣ ላይ ስለሆንን ግን አንቱ ልበልዎ።

ጥቅሜን ከወዲሁ ልናገር። መጋላ ውስጥ የድምፅ መሣሪያ እጠግናለሁ። ማጉያ፣ ሚክሰር፣ ኪቦርድ፣ ማይክ፣ የነደደ ስፒከር። 31 ዓመት ሆነኝ። ከደንበኞቼ ግማሹ የሠርግ ባንዶች ናቸው፣ ግማሹ አብያተ ክርስቲያናት። የእርስዎ ሐሳብ ነገ ሥራ ላይ ቢውል ግማሽ እንጀራዬ ቀረ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ይወቅልኝ። እኔ ራሴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ጴንጤ የምትሉን። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ኦርቶዶክስ ነበረች። ስለዚህ የሁለቱንም ቤት ድምፅ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ነጥብ። አዲስ ኪዳን ውስጥ በመሣሪያ አምልኩ የሚል ትእዛዝ የለም ብለዋል። እውነትዎን ነው። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በዚያች ሌሊት ዘምረው ወደ ደብረ ዘይት ሲወጡ ማቴዎስ በገና አይጠቅስም። ጳውሎስና ሲላስም እስር ቤት በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ነበር፤ መሣሪያ ከየት ይምጣ። የጥንት አባቶችም አልወደዱትም። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስና ዮሐንስ አፈወርቅ መሣሪያን ነቅፈዋል። ግሪኮች እስከ ዛሬ በአብዛኛው በድምፅ ብቻ ነው የሚቀድሱት። በ16ኛው መቶ ዘመንም የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ዝዊንግሊ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ላይ ኦርጋኑን ዝም አሰኝቶታል። የሚገርመው ሰውዬው ራሱ ብዙ መሣሪያ አሳምሮ የሚጫወት ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ አንጀቴን በላኝ።

«መሣሪያው ከጭፈራ ቤት ነው የመጣው» ያሉት ላይ ግን እንለያያለን። መምጣቱስ መጥቷል። ኦርጋንን የሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ የነበረ ክቴሲቢዮስ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ አየሩን በውሃ ግፊት የሚያስተካክል። ሮማውያን ሰው ከሰው በሚያጋድሉበት አደባባይ ያስጮኹት ነበር። የዚያን ጊዜ ክርስቲያን ድምፁን ሲሰማ ቢያቅለሸልሸው አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ኦርጋን ሲባል ማን ግላዲያተር ትዝ ይለዋል? ቤተ ክርስቲያን ነው ትዝ የሚለን።

እኔ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምስክር አለኝ። አንድ ኪቦርድ አውቃለሁ። ከዚራ አንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሲሠራ ኖረ። እዚያ እያለ ሁለት ጊዜ ጠግኜዋለሁ። ድምፅ መጨመሪያው አጠገብ ሲጋራ ተረስቶበት ፕላስቲኩ ቀልጦ ጥቁር ጠባሳ አለው። ከዓመታት በኋላ አንድ የመዘምራን ቡድን ይዞት መጣ። ገዝተውታል። ጠባሳው ላይ የመስቀል ስቲከር ለጥፈውበታል። ለልጆቹ ታሪኩን አልነገርኳቸውም። ቁልፎቹን አጽድቼ፣ የሞተውን ፋ አስነሥቼ ሰጠኋቸው። ያው ኪቦርድ ነው፤ ድምፁ አልተለወጠም።

የገላትያ መልእክት ከኃጢአት የሚቆጥረውን «ዘፋኝነት» ጠቅሰዋል። እሱን በአጭሩ ልለፈው። ያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 150 ላይ «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ነው ካልን ዳዊትን ኃጢአት አስተማረ ልንለው ነው። የገላትያው በግሪኩ ከስካር ጋር የሚሄደውን ፈንጠዝያ ነው የሚናገረው። እናቴ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ለይታ ታውቀው ነበር።

እናቴን ካነሣሁ አይቀር ስለ ማኅሌት ልናገር። እኛ ወንጌላውያን ብዙ ጊዜ ከበሮው ብቻ ነው የሚታየን። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ቴፕ ሊያሠሩ መጥተው ነው የተዋወቅነው፤ የዜማ ካሴታቸውን ያኘከባቸው ቴፕ። ቴፑን እየፈታሁ እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ። የከበሮውን ምሥጢር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠፍሩ የጌታ ግርፋት ሰንበር ነው አሉኝ። ጸናጽሉ ደግሞ ያዕቆብ ያያት መሰላል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ልቤ ላይ የቀረው ሌላው ነው።

ማኅሌት ሲቆም በከበሮ አይጀመርም አሉኝ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ በድምፅ ብቻ። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ብቻ ይወዛወዛል። ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት መረግድ ላይ ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ። ጽፋቱ፣ ጭብጨባው፣ ደስታው ከዚያ በኋላ። ከዘወረደ፣ ማለትም ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ጭራሽ ዝም ይላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ የፋሲካ ሌሊት ያ ከበሮ ሲመለስ ሆዴ ውስጥ ነበር የሚመታው። ሁለት ወር ጠብቄዋለሁና።

«ልጅ ሆነን፣» አሉኝ መሪጌታ፣ «ከበሮውን ጠበቅ አድርጌ ስመታው የኔታ በመቋሚያቸው ትከሻዬን ነካ ያደርጉኝ ነበር። ቃሉን ዋጥከው ማለታቸው ነው።»

ቴፑን በነጻ ሠራሁላቸው። እሳቸው ግን በግድ ብር ጥለው ሄዱ።

አሁን ደግሞ ስለ እኛ ቤት። በ1974 ዓ.ም. ገደማ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለገሃሬ አንድ ግቢ ውስጥ በድብቅ እንሰበሰብ ነበር። ደርግ ነው ዘመኑ። ማታ ማታ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል። በድሬ ሙቀት! ላባችን አገጫችን ላይ ይንጠባጠባል። በር ላይ አንዲት አሮጊት ቡና የሚወቅጡ መስለው ይቀመጣሉ። ሙቀጫው ካቆመ ዝም እንላለን።

ጊታር ነበረን። አዎ፣ እዚያም መሣሪያ ነበረ። አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው የሚጫወተው። ክሮቹ ሥር፣ ድልድዩ አጠገብ፣ የተጠቀለለ ካልሲ ይወትፋል። ድምፁ ጥጥ ውስጥ እንዳለ ሰዓት ይሆናል፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። የምናጨበጭበው በሁለት ጣት ነው። ዝማሬው ሹክሹክታ ነው። ያ ጊታር ባይኖር ግን ሹክሹክታችን ይበታተን ነበር። የዜማውን ቁልፍ የሚሰጠን እሱ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማኛል። የትኛው ቃል ላይ ድምፁ እንደሚሰበር አውቃለሁ። አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ወንድሙ የታሰረበት። «ይፈታል» የምትል ቃል ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይዘላታል። እኛ ሞልተንለት እናልፋለን።

ስለዚህ ጌታዬ፣ መሣሪያ ይውጣ ሲሉኝ ያ ካልሲ የተወተፈበት ጊታር ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው። እሱን የት ላውጣው?

ግን ደብዳቤዎን ሁለተኛ ያነበብኩት በከንቱ አይደለም። ኤፌሶን 5፥19ን ጠቅሰዋል፤ «በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ»። እርስዎ የጠቀሱት ጥቅሱ መሣሪያ ስለማይጠራ ነው። እኔን የያዘኝ «እርስ በርሳችሁ» የምትለው ናት። እርስ በርስ ለመነጋገር መሰማማት ያስፈልጋል።

ከጥቂት ወራት በፊት በምካፈልበት ቤተ ክርስቲያን አዲስ ስፒከሮች ገጠምኩ። አራት ትልልቅ። ተዋጥቶ ነው የተገዛው፤ ምዕመኑ ደስ ብሎታል። ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት ጠሩኝ። ከእኔ በፊት ጀምሮ እዚያ ቤት የሚዘምሩ ናቸው። እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አንተ የጆሮ ነገር ታውቃለህ። ጆሮዬ ሄደ መሰለኝ። ስዘምር ራሴን አልሰማውም።»

ምን ልበላቸው? ጆሯቸው ደህና ነው። ከእኔ ጋር በሹክሹክታ እያወሩ ነው፤ ሁሉንም ይሰማሉ። እኔ ነኝ ድምፃቸውን የወሰድኩባቸው። በእጄ፣ በገመድ፣ በብሎን።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኬ ላይ ባለ መለኪያ የድምፁን ጉልበት ለካሁት። እሳቸው የሚቀመጡበት ወንበር ላይ 102 ዴሲቤል። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቁጥር ሊያበላሽ ይችላል። ግን ለሠራተኛ ጆሮ የሚመከረው ጣሪያ ለ8 ሰዓት 85 ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ። የእኛ ዝማሬ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ከፊት የሚቀመጡት ደግሞ ሕፃናት ናቸው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገርዎ፤ በየቤቱ አንድ ነው። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ድምፅ ወጥቶ ጣሪያውን መትቶ ይመለሳል። ዘማሪው በዚያ ሁካታ ራሱን አይሰማም፤ «ሞኒተር ጨምርልኝ» ይላል፤ ወደ እሱ የዞረውን ስፒከር ማለቱ ነው። ሞኒተሩ ሲጨምር ድራመሩ ጠንክሮ ይመታል። ድራሙ ሲጠነክር ቤዙ ከፍ ይላል። ሕዝቡ ይጠፋል። መሪው «ድምፃችሁ አልተሰማኝም!» ብሎ ይጮኻል፤ በማይክ። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የስፒከሩ ኮይል፣ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይነዳል። ቫርኒሽ ሲቃጠል ያለውን ሽታ አዳራሹ ሁሉ ይሸተዋል። ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ተጭኖ እኔ ሱቅ ይደርሳል። እኔም እጠግናለሁ፣ እቀበላለሁ። ነቢዩ አሞጽ የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ አርቅ ያለው ትዝ እያለኝ ሒሳብ እጽፋለሁ። (ወደ ውጭ ስለሚዞረው የድምፅ ማጉያ አላነሣሁም። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ነው፤ የሁላችንንም ቤት ያነካካል።)

እንግዲህ እኔ እንዲህ ነው የማየው። ጊታሩም ይቆይ፣ ኪቦርዱም ይቆይ፣ ድራሙም በልኩ ይቆይ። አጠገቤ ያለው ሰው ሲዘምር ካልተሰማኝ ግን እየዘመርን ሳይሆን እየታየን ነው፣ ወይም እያየን። መዘምራኑን የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን አዝማች ያለ መሣሪያ እንጀምር። እንደ ቁም ዜማው። ቃሉን ሕዝቡ በአፉ ይያዘው፣ ከዚያ ጊታር ይግባ፣ ድራም መጨረሻ። ከመሪጌታ ነው የሰማሁት አላልኳቸውም፤ ብላቸው ሌላ ክርክር ይነሣ ነበር። አንድ እሁድ ሞከሩት። ያቺ እናት ከሦስተኛው ረድፍ ሲዘምሩ ሚክሰሩ ጋ ሆኜ ሰማኋቸው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ከቁልፉም ትንሽ ይወርዳል።

የቤዝ ተጫዋቹ የእህቴ ልጅ ነው። «አቦ አጎቴ፣ አቀዘቀዝከው እኮ!» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እኔም አልተውኩም። ሚክሰሩ ላይ ዋናው ድምፅ መጨመሪያ ጎን ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ከዚህ አይለፍ ብዬ። እሁድ ስመጣ ፕላስተሩ ተልጦ ወለሉ ላይ አገኘሁት። ማን እንደላጠው አልጠየቅኩም። ኪሴ ውስጥ ጥቅሉ ነበር፤ ሌላ ቆርጬ ለጠፍኩ።

ስሜ ይቆይ
ከመጋላ፣ ድሬዳዋ