የመምህሩ ዕቅድ ከተማሪው ይጀምር፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቅጽ ነው። እኛ መምህራን ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ የምንሞላበት ሰንጠረዥ። ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝና ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ብዙ ነገር ያ ሰንጠረዥ እንደሚወስነው አያለሁ።

ተማሪ ተኮር ትምህርት ለአገራችን አዲስ ወሬ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ጀምሮ በየሥልጠናው ሰምተነዋል። ተግባሩ ግን ሌላ መንገድ ሲሄድ ኖሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት፣ ገባላቸው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል ነበር። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር «ቆይ፣ አልገባቸውም» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ቀጥሎ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት የ1 ለ 5 አደረጃጀት መጣ። ልጆች ተሰብስበው ተቀመጡ፤ በብዙ ቡድን ውስጥ ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ።

ወደ ቅጹ ልመለስ። የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ጊዜ፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና የሚሉ ዓምዶች አሉት። በመምህሩ ሥር «ማብራራት፣ ምሳሌ መስጠት» ይላል። በተማሪው ሥር «ማዳመጥ፣ ማስታወሻ መያዝ»። ብዙ ጊዜ ከአምናው የተገለበጠ ነው። መምህሩን አትፍረዱበት። የሚጽፈው ለፊርማ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርማል፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ዕቅድ መኖሩ ይታያል። ልጆቹ ትናንት ምን እንዳልገባቸው የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቅም የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ክፍልፋይ መደመር። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ 2/5 የሚል ልጅ አይጠፋም። ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታችኛውን) ከታህት ደምሮ ነው። በተለመደው ዕቅድ መምህሩ የጋራ ታህት አፈላለግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳያል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል። በማግስቱም ያው 2/5 ይመጣል። ምክንያቱም ስህተቱን ማንም አልነካውም።

ከተማሪው የሚነሳ ዕቅድ ሌላ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ይሰጣል፤ ልጆቹ በቁራጭ ወረቀት ይመልሳሉ። መምህሩ እየዞረ ያያል። ከዚያ የተለያየ መልስ ያላቸውን ሁለት ሁለት አድርጎ ይጠይቃል፦ «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲጨመርበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» 2/5 ከ1/2 ያንሳላ! ክርክሩ እዚህ ጋ ይነሳል። ወረቀት ያጥፋሉ፣ ይስላሉ፣ ስድስት ቦታ መክፈል እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሕጉን መምህሩ የሚነግራቸው ያኔ ነው፤ ያኔ ይያዛል። ቀድሞ የገባው ልጅ ለጓደኞቹ ጥያቄ ያዘጋጃል። ሊወጡ ሲሉ አንድ ጥያቄ ይሠራሉ። የነገው ዕቅድ የሚጻፈው ከዚያ መልስ ነው።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። የቅኔ ቤትን ላስታውሳቸው። ተማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል (ይደርሳል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። እየቻለ ሲሄድ ወደ ረጅሙ ቅኔ፣ ወደ መወድስ ይወጣል። ዋናው ሥራ የተማሪው ነው፤ እርማቱም በእሱ ሥራ ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ የክፍሉ ብዛት ያስቸግራል። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በክፍል 50 ተማሪ ሆኖ ሳለ ከዚያ በላይ ታጭቆ የሚማር ብዙ ነው። ያንንም አደራ እላለሁ። ቅጹን ማስተካከል ግን አዲስ ክፍል እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከክልልና ከከተማ ትምህርት ቢሮዎች ጋር ተነጋግራችሁ የዕቅዱን የመጀመሪያ ዓምድ «ተማሪዎቼ ምን ያውቃሉ? የት ይሳሳታሉ?» አድርጉት። ዕቅድ ላይ ስርዝ ድልዝ ይፈቀድ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የተጻፈበት ዕቅድ ከንጹሑ ይበልጣል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከዕቅዱ በፊት የአምስት የስድስት ልጅ ደብተር ይይ። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያው ሰዓት ፋይል ከምናደራጅ የአንድ ክፍል መምህራን ተቀምጠን አንድ ትምህርት አብረን እናቅድ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ መምህር ከዓመታዊ ዕቅዱ ሁለት ቀን ወደኋላ ስለቀረ አይወቀስ። ልጆቹ ስላልገባቸው ደጋግሞ ያስተማረ መምህር «ምዕራፍ አልሸፈንክም» ይባላል። ሳይገባቸው ያለፈው ግን ጥሩ ሠራተኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ክፍተት 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም። በየዓመቱ ሳይገባቸው ከተሸፈኑ ምዕራፎች የተጠራቀመ ነው።

ቅጹን በጥቂት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሴሚስተር ብትሞክሩት፣ የእኔን ክፍል ለሙከራው በደስታ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር