ላይክ ግሬድ የሚሆነው በየትኛው ደንብ ነው?

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ሌላው በር ሁሉ ስለተዘጋብኝ ነው። ለመምህሩ ነገርኩ። ለዲፓርትመንቱ አመለከትኩ። ለእርስዎም ቢሮ ማመልከቻ አስገብቼ "ገቢ" የሚል ማህተም ተመታበት። ማህተሙ ያምራል። መልስ ግን የለም።

እርስዎ ጉዳዩን ያውቁታል። ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልናገር። የወሰድነው ኮርስ ማህበራዊ ሚዲያን ለትምህርት መጠቀም የሚያስተምር ነው። ከውጤቱ 30 ከመቶው የሚያዘው በ"ኦንላይን ተሳትፎ" ነው። ተሳትፎ የተባለው ደግሞ በእውነተኛ ስም፣ ለማንም ክፍት በሆነ አካውንት፣ የክፍሉን ሃሽታግ ይዞ መጻፍ ነው። ከዚያ ላይክና ኮሜንት ይቆጠራል። የተቆጠረው ግሬድ ይሆናል።

እውነት ለመናገር ኮርሱ ሲጀመር ደስ ይል ነበር። አንድ ፎቶ መጀመሪያ የት እንደወጣ በምስል ፍለጋ ማጣራት የተማርኩት እዚያ ነው። ዛሬ ምንጩን ሳላይ ዜና አላጋራም። ረጅም ሐሳብ ማሳጠርም ተማርን፣ ያውም በእጥፍ። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ 280 የተባለው ገደብ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው 140 ብቻ ነው። (የኮርሱ መመሪያ ግን "280ውንም ፊደል ተጠቀሙ" ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው በአማርኛ ሞክሮት አያውቅም መሰለኝ።)

የመጨረሻው ሥራ ሌላ መድረክ ላይ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ያን ምሽት አዲስ አካውንት ከፈትን። በአንድ የግቢ ዋይፋይ፣ በአንድ ሃሽታግ፣ እርስ በርስ ፎሎው ስንደራረግ አመሸን። እንዲህ አድርጉ ያለን መመሪያው ነው። የሐሰት አካውንት አድነው የሚይዙ ሥርዓቶች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው፦ አዲስ አካውንት፣ ተመሳሳይ ጽሑፍ፣ ድንገተኛ ጥድፊያ። ጠዋት ስነሳ አካውንቴ ታግዷል። ጽሑፉም፣ ከሥሩ የነበረው ውይይትም አብሮ ሄደ። ይግባኝ አልኩ። የመለሰልኝ ማሽን ነው።

ጽሑፎቼ ግን ኮምፒውተሬ ላይ ነበሩ። ስክሪንሾትም ነበረኝ። ሁሉንም ለመምህሩ ላክሁለት። "ሊንኩ ካልተከፈተ ማረም አልችልም" አለኝ። ከ30 ዜሮ። ዲፓርትመንቱም "የቴክኖሎጂ ችግር ነው፣ እኛን አይመለከትም" አለ።

ክቡር ሆይ፣ ዜሮውን ለሬጅስትራር የላከው ቴክኖሎጂ አይደለም።

ደንባችን ተማሪ የታረመ ሥራውን የማየትና በድጋሚ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል፤ ደንቡ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ታዲያ የእኔን ሥራ ማን አረመው? ያነበበው ሰው የለም። ሥራው ተማሪና መምህር ለማያውቅ፣ ለዩኒቨርሲቲው መልስ መስጠት ለማይገደድ ኩባንያ ተላልፎ ተሰጠ። ኩባንያው በሩን ሲዘጋ እናንተም ተከትላችሁ ዘጋችሁ።

ሙሉ ውጤት ያገኙትንስ ያውቃሉ? ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው "ላይክ በላይክ" የተደራጁት ናቸው። ላይክ የገዛም አለ፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። አልፈርድባቸውም፣ የተፈተኑት በዚያ ነው። ኤክስ በየወሩ የሚከፍል ሰው ምላሹ ከሌላው ከፍ ብሎ እንደሚታይ በይፋ ይናገራል። ኢንስታግራም እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የላይክ ቁጥሩን መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ፈቅዷል። በላይክ የሚያድሩት ቁጥሩ ይደበቅ ሲሉ፣ እኛ ትራንስክሪፕት ላይ አተምነው።

አንዲት የክፍላችን ልጅ ደግሞ የሚያስቸግራት ሰው ስላለ በስሟ መጻፍ እንደማትችል ተናግራ ነበር። "ኮርሱን ድሮፕ አድርጊ" ተባለች። አደረገች።

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ሙድል የሚባል የኦንላይን ትምህርት መድረክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ መወያያም አለው። ጽሑፍ ቢጠፋ የሚጠየቅ የአይሲቲ ሠራተኛ እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ። ሥራው እዚያ ይግባ፣ እዚያ ይታረም። ወደ ውጭ ማጋራት የፈለገ ያጋራ። ይህ ሁሉ በማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል።

ለራሴ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጽሑፎቼን ሰው ያንብባቸው፣ ያርማቸው፣ ይፈርምበት። ከ30 አምስት ቢሰጠኝም እቀበላለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሰሞኑን የቢሮዎ ገጽ የክፍላችንን ሃሽታግ "የዲጂታል ትምህርት ስኬታችን" ብሎ ለጥፎታል። ከሥሩ ጉዳዬን በጨዋ ቋንቋ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ኮሜንቴ ተሰረዘ። ስለዚህ ቢሮዎ ውስጥ የተማሪ ጽሑፍ ቶሎ የሚያነብ ሰው አለ ማለት ነው። እባክዎ ማመልከቻዬን ለእሱ ይምሩልኝ።

ከኮርሱ ተማሪዎች አንዷ